ወፍራሙን ድምፅ ከሳሎን ጋር ማስማማት

ፒያኖ ላይ በስተግራ ጫፍ ያለችው ቁልፍ ስትመታ ክሯ በሰከንድ 27.5 ጊዜ ይነዝራል። ባለአራት ክሩ ቤዝ ጊታር እስከ 41 ይወርዳል፤ ባለአምስት ክሩ እስከ 31። ይህን በሰከንድ የሚቆጠር ንዝረት ነው ሄርዝ የምንለው። ድምፅ ለብ ባለ ክፍል ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 343ን ለ41 ብናካፍል፣ የቤዝ ጊታሩ ወፍራም ክር የሚያወጣው አንድ ሞገድ ከስምንት ሜትር በላይ ይረዝማል። አራት በአምስት በሆነ ሳሎን ውስጥ ይህ ሞገድ ሙሉውን ተዘርግቶ አይገባም። ግድግዳ ይመታል፣ ይመለሳል፣ ከኋላው ከሚመጣው ጋር ይገናኛል፤ አንዱ ቦታ ላይ ይደራረባል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጣፋል። ሰብውፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ የስፒከር ሳጥን፣ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚያስገባ ሰው የገዛው ሳጥኑን ብቻ ይመስለዋል። የዕቃው ግማሽ ግን ክፍሉ ራሱ ስለሆነ፣ ይህ ምዕራፍ ከሳጥኑ ይልቅ ስለ ክፍሉ ብዙ ይላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ቁጥሮቹ አይለወጡም ወይ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይለወጡም። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው፤ የአየሩ ስስነት ለውጥ አያመጣበትም። ሐዋሳም ዋሽንግተንም ያለ አድማጭ በዚሁ ሒሳብ ይሥራ።

ስፒከር ድምፅ የሚፈጥረው አየር እየገፋ ነው። ያንኑ ያህል ጉልበት ያለው ድምፅ በግማሹ ሄርዝ ለማውጣት የስፒከሩ ወረቀት አራት እጥፍ ርቀት መመላለስ አለበት። በ80 ሄርዝ አንድ ሚሊሜትር የበቃው ስፒከር በ40 አራት፣ በ20 ደግሞ 16 ሚሊሜትር ይጠየቃል። መደርደሪያ ላይ የምትቀመጥ፣ ወረቀቷ 13 ሴንቲሜትር የሆነች ስፒከር ይህን ከየት ታመጣለች? ብዙዎቹ ከ60 ወይም ከ70 ሄርዝ በታች እየሳሱ ይሄዳሉ። ኬኤልኤች የተባለውን የአሜሪካ ስፒከር አምራች ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ በነበረው በአንቶን ሆፍማን ስም የሚጠራ፣ «የብረት ሕግ» የሚሉት ነገር አለ፦ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ በትንሽ ዋት ብዙ ድምፅ፤ ከሦስቱ ሁለቱን እንጂ ሦስቱንም ማንም አያገኝም። ሰብውፈር ይህን ሕግ የሚያልፈው ሦስተኛውን ትቶ ነው። ሆዱ ውስጥ የራሱን አምፕሊፋየር ይዞ፣ ዋቱን ሳይቆጥብ፣ ከ100 ሄርዝ በላይ ያለውን ሁሉ ለሌላ ይተዋል።

ጆሯችንም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1933 የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን ማንሰን፣ የሰው ጆሮ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያዳምጥ ወፍራሙን ከመካከለኛው ይልቅ በጣም አሳንሶ እንደሚሰማ ለክተው አሳይተዋል። ዘፈን ድምፁ ሲቀነስ ቤዙ ቀድሞ የሚጠፋው ለዚህ ነው። በተለይ ማታ ማታ ቀስ አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው፣ ጮክ አድርጎ ከሚያዳምጠው ይበልጥ ሰብውፈር ይጠቅመዋል። ብዙ ሰው የሚያስበው ተቃራኒውን ነው።

ሰብውፈር መጥፎ ስም ያወጣው በሲኒማ በኩል ይመስለኛል። ለሙዚቃ ቀደም ብሎ ተሞክሯል። ኢንፊኒቲ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው፣ ሰርቮ ስታቲክ በተባለ የስፒከር ስብስብ ውስጥ ባለ18 ኢንች የቤዝ ሳጥን ለብቻው ነበር። ሰፊው ሕዝብ ወንበሩ ሲንቀጠቀጥ ያወቀው ግን በ1974 «ኧርዝኩዌክ» የተባለው ፊልም ሰንሰራውንድ በተባለ መሣሪያ ሲታይ ነው። ከዚያ በ1990ዎቹ የዶልቢ ዲጂታል «5.1» መጣ፤ ነጥብ አንዷ ለፍንዳታና ለነጎድጓድ ብቻ የተመደበች፣ እስከ 120 ሄርዝ የምትደርስ ቻናል ናት። ሸክላም ሆነ ካሴት፣ ሲዲም ሆነ ከስልክ የሚመጣ ዘፈን እንዲህ ያለ ቻናል የለውም። ቤዙ ያለው ግራና ቀኙ ውስጥ ነው፤ ሰብውፈሩ ከሁለቱ ለይቶ ማውጣት፣ ከሁለቱ ጋር አብሮ መነሳት፣ አብሮም መቆም አለበት። ፍንዳታ ቢዘገይ ወይም ቢጎተት ማንም ቅር አይለውም። ቤዝ ጊታር ከከበሮው ኋላ ሲጎተት ግን ዘፈኑ ይሰንፋል።

የሚሰማው ነገርም ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በሸክላ የወጡ የአዲስ አበባ ቀረጻዎች ከ50 ሄርዝ በታች ብዙ ነገር የላቸውም፤ ሰብውፈር ያልተቀረጸውን አይፈጥርም። የሮሃ ባንድን ቤዝ፣ የጆቫኒ ሪኮን ማለቴ ነው፣ ከ40 እስከ 100 ባለው ሠፈር ውስጥ ሲመላለስ መከተል ለሚፈልግ ግን ጥሩ ሰብውፈር ሌላ ዘፈን ያሰማዋል። የበገና ቀረጻ ከሁሉም የከበደ ፈተና ነው። ክሮቹ ዝቅ ብለው ይቃኛሉ፤ ከክሩና ከድልድዩ መካከል የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ የምታወጣው ዝርዝር ነዘነዝ ደግሞ ከፍ ባለው ሄርዝ ላይ ነው። ነዘነዙ ከስፒከሮቹ፣ ሆዱ ከሰብውፈሩ ስለሚመጣ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ አንድ በገና ሁለት ቦታ ተቀምጦ የሚደረደር ይመስላል።

አሁን ወደ ቦታው። ሰብውፈር ለአብዛኛው ሰው የሚቀመጠው ባዶ ጥግ በተገኘበት ነው፤ ጥግ ደግሞ ከቦታዎች ሁሉ ጩኸታሙ ነው። ሁለት ግድግዳና ወለል ተጋግዘው ቤዙን ያጎሉታል። መጥፎ ላይሆን ይችላል፤ ግን ሁሉንም እኩል አያጎሉትም። እያንዳንዱ ክፍል የሚወዳቸው ድምፆች አሉት፤ የመጀመሪያውን ለማወቅ 343ን ለግድግዳዎቹ ርቀት እጥፍ ማካፈል ነው። በአራት ሜትር ርዝመት 43 ሄርዝ ይመጣል፤ በአምስት ሜትር 34፤ ኮርኒሱ 2.6 ሜትር ከሆነ 66። በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ድምፁ ቆሞ ይቀራል፦ ግድግዳው ዘንድ ይወፍራል፣ ክፍሉ መሃል ላይ ይጠፋል። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛዋ ክር 41፣ ቀጥሎ ያለችው ኖታ 43.7 ሄርዝ መሆኗን ያስታውሱ። አራት ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ ቤዙ ወደ ታች ሲወርድ ሁለት ኖታ በድንገት አብጠው፣ ሌሎቹ የኮሰሱ ከመሰሉ፣ ተጫዋቹን አይውቀሱ። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ ክፍል የባሰ ነው፤ አራት በአራት ቢሆን ሁለቱም አቅጣጫ ያንኑ 43 ሄርዝ ይመርጣል።

የእኛ ቤት የሶፋ አደራረግ እዚህ ላይ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሶፋ ግድግዳ ተደግፎ፣ ሳሎኑን ዞሮ ይቀመጣል፤ መሃሉ ለጠረጴዛና ለቡና ይተዋል። ይህ ማለት አድማጭ ሁሉ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ቤዙ ከሁሉ በሚወፍርበት መስመር ላይ ይቀመጣል። የውጭ መጽሔቶች የሚመክሩት ክፍል ውስጥ ገባ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ምክራቸውን እንዳለ ቢወስዱት ቤዙ ይበዛብዎታል። የሚያዳምጡበትን አንዱን ወንበር ከግድግዳው ግማሽ ሜትር እንኳ ቢያርቁት ለውጡ ይሰማል። ካልሆነ ሰብውፈሩን ከጥግ ያውጡ፤ ወንበሩም ሳጥኑም ግድግዳና ጥግ ይዘው ሲቀመጡ ነው ድምፁ እንደ ጭቃ የሚለጠፈው።

ቦታ የሚመረጥበት ዘዴ ቂላቂል ይመስላል፤ የሚሠራ ዘዴ ግን ነው። ሰብውፈሩን እርስዎ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ያስቀምጡት። ቤዙ ደረጃ በደረጃ የሚወጣና የሚወርድ አንድ ዘፈን ደጋግሞ እንዲዞር ያድርጉ። ከዚያ ሳጥኑ ሊቀመጥባቸው በሚችሉ ቦታዎች ሁሉ ጆሮዎን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርገው እየዳኹ ያዳምጡ። ኖታዎቹ እኩል የሚሰሙበት፣ አንዱም የማይነፋበት ቦታ የሳጥኑ ቦታ ነው። ድምፅ ከሀ ወደ ለ ሲሄድና ከለ ወደ ሀ ሲመለስ ክፍሉ ያንኑ ስለሚያደርግበት ቦታ መለዋወጡ ይሠራል። እንግዳ በማይኖርበት ሰዓት ቢደረግ ይሻላል።

ግድግዳው ከምን መሠራቱም ለውጥ ያመጣል። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ቤት፣ በተለይ ኮርኒሱ ጨርቅ የሆነ እንደሆነ፣ ቤዙን በከፊል ወደ ውጭ ያሳልፈዋል፤ ውስጥ የሚቀረው ያነሰ ግን የጠራ ነው። የኮንዶሚኒየም ሲሚንቶ አያሳልፍም፤ ቤዙ ውስጥ እየተመላለሰ ይቆያል። ለእንዲህ ያለ ቤት ምንጣፍና መጋረጃ መድኃኒት ይመስላቸዋል ሰዎች። ምንጣፍ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ስምንት ሜትር የሚረዝም ሞገድ ሦስት ሴንቲሜትር ክር ቁም ነገሩ አይደለም። ትልቅ ሶፋ ትንሽ ይረዳል። ብርጭቆና ስኒ የተደረደረበት ቡፌ ደግሞ ይጎዳል፤ ሲንቀጫቀጥ ቤዙ ከየት እንደሚመጣ ያጋልጣል።

ሁለት ሳጥን ከአንድ ይሻላል ወይ? ሃርማን በተባለው የድምፅ መሣሪያ አምራች ውስጥ ይሠራ የነበረው ቶድ ዌልቲ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረበው ጥናት፣ ሁለት ሰብውፈሮች ፊት ለፊት በሚተያዩ ግድግዳዎች መሃል ላይ ሲቀመጡ ቤዙ ከወንበር ወንበር የሚለያየው ነገር በጣም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ብቻውን ለሚያዳምጥ ሰው አንድ በደንብ የተቀመጠ ሳጥን ይበቃዋል። ሳሎኑን ዞረው ለሚቀመጡ ቤተ ዘመዶች ግን ሁለት ትናንሾች ከአንድ ግዙፍ ይሻላሉ ባይ ነኝ።

ግንኙነቱን ፈጠን ብለን እንለፈው። አምፕሊፋየሩ ከጀርባው «ሰብ አውት» ወይም «ፕሪ አውት» ካለው አንድ የአርሲኤ ገመድ ነገሩን ይጨርሳል። የድሮ አምፕ ሁለቱም ላይኖሩት ይችላሉ። ያኔ ሰብውፈሩ የስፒከር ገመድ የሚቀበል መግቢያ ያለው መሆን አለበት፤ ወደ ስፒከሮቹ ከሚሄዱት ቀይና ጥቁር ጉጦች ላይ ሌላ ገመድ ይጠለፋል። አምፑን አይጫነውም፤ ሰብውፈሩ ምልክቱን ብቻ ነው የሚወስደው። አንዳንድ ዘመናዊ የክላስ ዲ አምፖች ጥቁሩ ጉጣቸውም ድምፅ ስለሚያወጣ፣ ከመሬት ጋር ከተገናኘ አምፑ ሊቃጠል ይችላል፤ እንዲህ ያለ አምፕ ያለው ሰው የሰብውፈሩን መመሪያ ሳያነብ አይጠልፍ። «ኤልኤፍኢ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መግቢያ ብዙ ጊዜ የሰብውፈሩን የራሱን ማጣሪያ ስለሚዘልል ለሙዚቃ ግራና ቀኝ የሚሉትን ይጠቀሙ።

ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው ሰብውፈር ከሆነ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ጀርባውን ማየት ነው። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። 115/230 የሚል መቀያየሪያ ካለው ይቀየራል፤ ከሌለውና «100-240» የሚል ጽሑፍም ከሌለበት ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ዘፈን ሳይኖር የማያቋርጥ «እምምም» ከተሰማ 50 ሄርዙ የመብራት ንዝረት ገብቶበታል። አምፑንና ሰብውፈሩን ከአንድ ማከፋፈያ መሰካት ብዙ ጊዜ ያቆመዋል። የመሬት ገመዱን መቁረጥ ድምፁን ዝም ያሰኘዋል፤ ሰውንም ሊገድል ይችላል።

ቀጥሎ ክሮስኦቨር፤ ማለትም ስፒከሮቹ የት ላይ እንደሚያቆሙና ሰብውፈሩ ከየት እንደሚቀበል። ሲኒማ ቤቶችን ለመፈተን እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረው ቲኤችኤክስ ለቤት የመረጠው 80 ሄርዝ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ያለ ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ጆሮ ለመለየት ስለሚቸገር ጥሩ መነሻ ነው። ቁልፉን ወደ 120 ቢያዞሩት የወንድ ድምፅ ወደ ሳጥኑ መግባት ይጀምራል። ለመፈተን ዘፈን አያስፈልግም፤ ጎርናና ድምፅ ያለው የሬዲዮ ዜና አንባቢ ይበቃል። ደረቱ ከሳሎኑ ጥግ የሚናገር ከመሰለ ቁልፉ ከፍ ብሏል።

እዚህ ላይ ሙያተኞች ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን ስፒከሮቹ ሳይነኩ የሚችሉትን ያህል ይውረዱ፣ ሰብውፈሩ ከበታቻቸው ይግባ ይላል፤ የእንግሊዙ ሬል ኩባንያ ስሙን ያተረፈው በዚህ ነው። ሌላው ወገን ስፒከሮቹም ከ80 በታች ይቆረጥላቸው ይላል። እኔ የምፈርደው በስፒከሩ መጠን ነው። መሬት ላይ የሚቆም፣ እስከ 40 የሚወርድ ስፒከር ካለዎት አይንኩት፤ ሰብውፈሩን 40 ወይም 50 ላይ ያስገቡት። ትንሽ ስፒከር ግን ሊቆረጥለት ይገባል። 40 ሄርዝ እያሳደደ የሚንገላታው ወረቀት የዘፋኙንም ድምፅ ያንኑ ሰዓት ማውጣት ስላለበት፣ ከዚያ ሸክም ሲገላገል መጀመሪያ የሚሻሻለው ቤዙ ሳይሆን ድምፃዊው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚዘነጋው ፌዝ (phase) ነው፤ ስፒከሩና ሰብውፈሩ አየሩን እኩል መግፋታቸውና እኩል መሳባቸው ማለት ነው። በመገናኛቸው ላይ ስፒከሩም ሰብውፈሩም አንዱን ኖታ አብረው ያወጣሉ። አንዱ አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ከሳበ፣ በአንድ በር በሁለት ጎን ቆመው እንደሚገፉ ሰዎች ይሆናሉ፤ ሁለቱም ይለፋሉ፣ በሩ አይነቃነቅም። ብዙ ሰው ቤዙ ሲጎድልበት ድምፁን ይጨምራል፤ የጎደለው 80 ላይ ሆኖ የሚጨምረው 35ን ነው፣ ስለዚህ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ ዘፈኑ ግን ባዶ እንደሆነ ይቀራል። የሚደረገው ይህ ነው፦ 80 ሄርዝ ብቻ የሆነ የፈተና ድምፅ ያጫውቱ፣ ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ፣ ሌላ ሰው የፌዙን ቁልፍ ከ0 ወደ 180 ቀስ እያለ ያዙርልዎ። ከሁሉ የጮኸበት ላይ «በቃ!» ይበሉ። ጆሮ ግን ከጩኸት ይልቅ ዝምታን አጥርቶ ይለያል። ስለዚህ አምፑን አጥፍቶ የሁለቱንም ስፒከሮች ቀይና ጥቁር ገመድ ገልብጦ፣ ድምፁ ከሁሉ የሚጠፋበትን ቦታ መፈለግ፣ ከዚያ መልሶ ማቃናት የተሻለ ነው። ውስጣቸው ዲጂታል ማቀነባበሪያ ያለባቸው ሰብውፈሮች ድምፁን ጥቂት ሚሊሰከንድ ያዘገዩታል፤ አንድ ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ እንደመሸሽ ነው። የቤት ቲያትር ሪሲቨር ላይ ርቀት የሚሞላበት ቦታ ይህን ለማካካስ ነው፤ ተራ የስቴሪዮ አምፕ ያለው ሰው በፌዙ ቁልፍ የቻለውን ያህል ያቀራርበዋል።

የድምፁ መጠን መጨረሻ ላይ ይመጣል። ከቦታው፣ ከክሮስኦቨሩና ከፌዙ በፊት የተነካ የድምፅ ቁልፍ የሌሎቹን ስህተት መሸፈኛ ይሆናል። ቤዝ ያልበዛበትን፣ ጊታርና ድምፃዊ ብቻ ያሉበትን ዘፈን ይምረጡ፤ በዚያ ላይ ሰብውፈሩ መኖሩ ከታወቀ ይቀንሱ። ከዚያ በኋላ ከዘፈን ዘፈን መነካካት ይተዉ። ቀረጻ ሁሉ ቤዙ እኩል አይደለም፣ እኩል እንዲሆንም አይጠበቅም።

መለካት ለሚወድ፣ ጆን ማልኬሂ የሠራው ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ አንድ የመለኪያ ማይክሮፎን ብቻ ይፈልጋል። የስልክ ማይክ ለንግግር ስለተሠራ ታች ያለውን እንደልብ አያምኑትም። ስክሪኑ ላይ ተራራና ገደል ሲወጣ ተራራውን በኢኳላይዘር መቁረጥ ይቻላል፤ 43 ላይ ያበጠውን ስድስት ዴሲቤል ሲቀንሱለት ክፍሉ ሰፍቶ ይሰማል። ገደሉን ግን አይሙሉ። ገደሉ የተፈጠረው ሁለት ሞገድ ተጣፍተው ስለሆነ፣ ኃይል ሲጨመር ሁለቱም አብረው ያድጋሉ፣ መጣፋታቸው ይቀጥላል፤ አምፑ ብቻ ይግላል። ገደልን የሚያስተካክለው ሳጥኑን ወይም ወንበሩን ማንቀሳቀስ ነው።

ጎረቤት የቀረው ጉዳይ ነው። ቀጭን ድምፅን የሲሚንቶ ግድግዳ ይመልሰዋል፤ 40 ሄርዝ ግን ወለሉን ራሱን አንቀጥቅጦ ከታች ያለው ቤት ኮርኒስ ላይ ይወጣል። ከሳጥኑ ሥር ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጎማ ማድረግ ሳጥኑ ወለሉን በቀጥታ እንዳይመታ ይከላከላል፤ በአየር የሚሄደውን ግን አያስቀረውም። የፍሌቸርና የማንሰን ነገር እዚህ ላይ ያስቸግራል፦ ማታ ድምፁ ሲቀነስ ጆሮ ተጨማሪ ቤዝ ይጠይቃል፣ ጎረቤት የሚሰማው ደግሞ ያንን ብቻ ነው። ሰብውፈሩን ወደሚያዳምጡበት ወንበር አጠገብ ማምጣት አንዱ መፍትሔ ነው፤ ሳጥኑ ሲቀርብ ያንኑ ቤዝ ለመስማት የሚያስፈልገው ድምፅ በጣም ይቀንሳል። ፌዙ እንደገና መስተካከል ይኖርበታል፣ ክሮስኦቨሩም ወደ 60 ዝቅ ቢል ይሻላል፤ ቅርብ የሆነ ሳጥን አቅጣጫው ቶሎ ይታወቃልና። ይህም ካልበቃ፣ ከታች የሚኖሩትን ሰዎች አንድ ጊዜ ሳሎንዎ ውስጥ አስቀምጠው፣ እርስዎ ወርደው ከእነሱ ኮርኒስ ሥር ቆመው ያዳምጡ። ሰብውፈሩ ሪሞት ካለው የቱ ቁጥር ላይ እንደማይሰማ እዚያው ተነጋግረው ይወስናሉ።